የዋይዜድ 125 ሞተሬ ሁለቴ ነከሰብኝ፤ ለባለሙያ ልስጠው ወይስ ራሴ ላውርደው?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሚያዝያ ላይ ያገለገለ የ2006 ያማሃ ዋይዜድ 125 ገዛሁ፣ ቱ ስትሮክ ነው (የሞተሩ ዘይት ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀልበት ዓይነት)፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ከሂውስተን የመጣ። የሸጠልኝ ሰው ሞተሩ ቅርብ ጊዜ ነው የተሠራው ብሎኝ ነበር ግን ምን ምን እንደተሠራ የሚያሳይ ወረቀት የለውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሰኔ ላይ ራምፓርት ሬንጅ ዳገቱን ጋዙን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤ ስወጣ ሞተሩ ነከሰ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀጥ አለ፣ የኋላ ጎማው ተቆለፈ፣ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ቶሎ ባልጨብጠው ኖሮ ተሰብሬ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቱ)፣ ጓርኒሲዮን (ጋስኬት)፣ ካንዴላ (ስፓርክ ፕለግ) ቀየሩልኝ፣ ሲሊንደሩን ሆን አደረጉት፣ ማለትም ውስጡን በድንጋይ ሞረዱት፣ 640 ዶላር ከፈልኩ። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳልነዳው እዛው ዳገት ላይ ደገመው። አሁን ሌላ ባለሙያ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ከታች ጀምሮ ለመሥራት ወደ 1,700 ዶላር ጠይቆኛል፣ ሞተር ሳይክሉን ራሱ የገዛሁት 2,300 ነው። ልክፈል? ወይስ መሣሪያ ገዝቼ ቤቴ ልሞክረው? የሠራችሁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ።

ይሄን ከጻፍኩ ሰባት ሳምንት ሆነው። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ስር ያለው የመልሶች ሰንሰለት፣ ረዝሞ ረዝሞ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይጠይቃል፣ ስለዚህ የተባለውን በየመልሱ ቁጥር እየጠራሁ በራሴ አነጋገር እዚሁ መነሻው ስር አስቀምጬዋለሁ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ባነብ ኖሮ ያ 640 ዶላር ኪሴ ውስጥ ይኖር ነበር፣ ለዛ ነው እጄ እስኪዝል የምጽፈው።

ቁጥር 1 ዴንቨር ያለ ወንድም ነው፣ በጣም ትሁት ሰው። የልክፈል አልክፈል ጥያቄ ገና ነው አለኝ፣ መጀመሪያ የወጣውን ፒስተን አጥቤ ከአራቱም ጎን ፎቶ እንዳነሳውና ጭረቱ የት ጋ እንዳለ እንዳሳይ ጠየቀኝ። ሁለቱም ፒስተን አለኝ ወይ ብሎም ጠየቀ። የመጀመሪያው ጋራዡ ጋ ቀርቶ ተጥሏል፣ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል፣ የወጣ ዕቃችሁን ሁሌ ተቀበሉ።

ቁጥር 2 አጭር ነበር፣ ለባለሙያ ስጠው ነው ነገሩ። ምክንያቱ የራሱ ታሪክ ነው፤ ሆንዳ ሲአር 250 ነበረው፣ ቤቱ ውስጥ ራሱ ሠራውና የፒስተኑን ፒን የምትይዘዋን ትንሽ የሽቦ ቀለበት አሮጌዋን መልሶ አስገባት፣ ሲነዳ ወጣችና ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አረሰችው። አንድ ዶላር ለማትሞላ ሽቦ። ሁሌ አዲስ ቀለበት ነው የሚገባው፣ ክፍቷም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች መሆን አለበት ወደ ጎን አይደለም፣ ይሄን ከሱ ነው የተማርኩት።

ከዛ ቁጥር 3 መጣ፣ ችግሩ የከፍታ ነው ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ፣ ሂውስተን ባሕር ጠለል ላይ ነው ኮሎራዶ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ (አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለው) ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ነከሰ ባይ ነው። ቁጥር 4 በትሕትና አረመው። ነገሩ ተቃራኒው ነው፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 83 በመቶ ገደማ ነው፣ አየር ሲቀንስ ቤንዚኑ ይበዛል እንጂ አያንስም፣ ለሂውስተን የተመረጠ ጄት (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ) እዚህ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ያስላል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን በረሃብ አያስነክስም። ሌላም ነገር ጨመረ፣ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ስትለኩም ጌጁ እዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ባሕር ጠለል ላይ 180 የሚለው ሞተር ዴንቨር 150 ቢል ሞተ ማለት አይደለም። ቁጥር 3 እንደገና ተመልሶ መጻፍ ጀመረና ትንሽ ሞቅ አለው፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ ምናምን፣ ግን ለተሰጠው ቁጥር መልስ አልሰጠም።

ፎቶውን ለጠፍኩ (5 የኔ ነው)። ጭረቱ በጭስ ማውጫው በኩል ብቻ ነበር፣ ሌላው ጎን ንጹሕ። ቁጥር 1 ተመልሶ ምን ማለት እንደሆነ አብራራ፣ ይሄ ክፍል ለኔ የክሩ ግማሽ ዋጋ ነው። አራት ቦታ ላይ የቆሙ መስመሮች ቢኖሩ ሞተሩ ሳይሞቅ ተጨንቋል ማለት ነው፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ያብጣል። በአየር መግቢያው በኩል ሸካራ ደብዛዛ መፋቅ ቢኖር አቧራ ገብቷል። የፒስተኑ ጣራ ላይ አሸዋ የተረጨበት የሚመስል ብስብስ ቢኖር ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ነው። በጭስ ማውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ግን ያ በጣም የሚሞቀው ጎን ነው፣ ወይ ዘይት አንሷል ወይ ቤንዚን አንሷል ወይ ደግሞ ከማይገባበት ቦታ አየር እየገባ ነው። እንግዲህ ሦስተኛውን ያኔ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ።

ቁጥር 6 ላይ አዲስ አበባ ያሉ አንድ ጋሼ ገቡ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገጠር ሠራተኞች የሚሄዱባቸውን ያማሃ ዲቲ 125 ሲጠግኑ የኖሩ። ጋሼ የከፍታውን ነገር በራሳቸው ገጠመኝ ደገፉት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ለሷ ተብሎ ጄቱ የተቀነሰ ሞተር ይዞ አንድ ልጅ ወደ አዋሽ ወረደ፣ አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ ከባድ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጋዝ ይዞ ሲሄድ መተሐራን አልፎ ነከሰ። ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው የሚፈራው አሉ። ከዛ እኔን ለምን በከንቱ ትጨነቃለህ፣ ቶርኖ ቤት ወስደህ ሲሊንደሩን 0.25 ሚሊ አስፍተህ ትልቅ ፒስተን አስገባ ብለው መከሩኝ።

ቁጥር 7 እዚህ ጋ ነው ክሩን ያበላሸው። የዋይዜድ ሲሊንደር የብረት እጅጌ (ውስጡ የሚገባ የብረት ቱቦ) የለውም፣ የተለበጠ ነው፣ ቢሰፋ ልባጡ ይነሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን አነጋገሩ! የማያውቅ ሰው ዝም ይበል፣ ዲቲ የጠገነ ሁሉ መካኒክ አይደለም፣ እኔንም መፍቻ የማይዝ ሰው ቱ ስትሮክ አይግዛ ብሎ ደረበልኝ። ለኔ ያለውን ችዬዋለሁ፣ ለጋሼ የተጻፈውን ግን አሁንም ልክ አይደለም እላለሁ። የሳቸው ምክር ለሚያውቁት ሞተር ትክክል ነው፣ አሮጌው ዲቲ የብረት እጅጌ አለው፣ በ0.25 እየጨመሩ አራት ጊዜ ይሰፋል።

ቁጥር 8 ሽቱትጋርት ያለች እህታችን ናት፣ ማሽን ሾፕ ውስጥ የምትሠራ። መጀመሪያ 7ን ገሠጸችው፣ አጭር አድርጋ፣ ከዛ ነገሩን ለጋሼ በክብር አስረዳች። ልባጡ ኒካሲል ይባላል፣ ኒኬል ውስጥ የሲሊከን ካርባይድ ብናኝ የተዘራበት፣ እዛው ሽቱትጋርት ያለው ማህሌ በ1967 ያወጣው ነው፣ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አስረኛም አይሞላ። ጥቅሙ አልሙኒየሙ ሙቀቱን በቀጥታ ለውሃው ይሰጣል፣ ብረት በመሃል አይገባም። ጉዳቱ አንዴ ከተላጠ ማስፋት የለም፣ ልባጡ በኬሚካል ተነስቶ እንደገና ተለብጦ በዳይመንድ ድንጋይ ሆን ይደረጋል፣ አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን ይሄን የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ከዛ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ያ 640 ዶላር የከፈልኩት ጋራዥ ሲሊንደሩን ለክቶታል ወይ? በምን ለካው? ወረቀቱን ገልጬ አየሁ። ምንም ልኬት የለም። ፒስተኑ ምን ያህል፣ ሲሊንደሩ ምን ያህል፣ በመሃላቸው ምን ያህል ክፍተት፣ ባዶ። ጋሼ ደግሞ አመሰገኗት፣ ሲሊንደር እንደገና እንደሚለበጥ አላውቅም ነበር አሉ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው እንዲህ ሲል ማንበብ ደስ ይላል።

ከ9 እስከ 13 የዘይት ጦርነት ነው፣ አሳጥረዋለሁ። አንዱ 50 ለ1 (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ይበቃል፣ ሌላው 40፣ ሌላው 32፣ አንዱ ካስተር ዘይት ካልሆነ አልነዳም። ቁም ነገሩ ሁለት ነው። ያማሃ ራሱ ለዚህ ሞተር 30 ለ1 ነው የሚለው፣ መጽሐፉ ላይ አለ። እና ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ዘይት ስትጨምር በዛው ጄት ውስጥ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለጥንቃቄ ብሎ ዘይት ደፍቶ ጄት አለመቀየር ትንሽ ወደ ረሃቡ ይገፋል። እኔ 32 ለ1 ነው የምጠቀመው፣ አንድ ጋሎን ላይ 4 አውንስ፣ ለመለካት ቀላል ነው።

ቁጥር 14 ዱባይ ያለ ልጅ ስለ አሸዋ ጻፈ፣ ቢግ ሬድ የሚሉት ጉብታ ላይ ከነዱ በኋላ የአየር ማጣሪያውን በየቀኑ አጥቦ ዘይት ቀብቶ ካልመለሰ ፒስተን በወር ያልቃል። የኔ ችግር አልነበረም ግን ማጣሪያዬን አውጥቼ አየሁት፣ ደርቋል፣ ዘይት የለውም። አጠብኩት።

አሁን ቁጥር 15። ሚኒሶታ ያለ ወንድም፣ የበረዶ ሞተር ጥገና የሚሠራ፣ እዛ አገር ቱ ስትሮክ ያለው በረዶ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጋዙን ስለቀው ሞተሩ ወዲያው ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል ወይስ እየጮኸ ይቆያል? ቁጭ ብዬ ሳስብ ይቆያል! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ሦስት ሰከንድ እየጮኸ ነው የሚወርደው፣ እኔ የዋይዜድ ጠባይ መስሎኝ። ኬብሉ ካልተያዘ ይሄ የአየር ማፍሰስ ምልክት ነው አለ። ቱ ስትሮክ ላይ ክራንኩ (የፒስተኑን መውጣት መውረድ ወደ መሽከርከር የሚቀይረው ዘንግ) ያለበት ክፍል የዘይት ማጠራቀሚያ አይደለም፣ አየሩና ቤንዚኑ ወደ ላይ ከመሄዳቸው በፊት የሚታመቁበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ በክራንኩ ግራና ቀኝ ያሉት ኦይል ሲሎች (አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚደፍኑ የጎማ ቀለበቶች) ካረጁ ሞተሩ ራሱ ይራባል። የቀኙ፣ የፍሪሲዮን በኩል ያለው ከፈሰሰ የማርሽ ዘይት ይስባል፣ ነጭ ጭስ ታያለህ ዘይቱም ይጎድላል፣ ስለዚህ ይታወቃል። የግራው፣ ከማግኔቱ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው) ጀርባ ያለው ግን የሚስበው ደረቅ አየር ነው፣ ምንም ምልክት አይሰጥም፣ ከዛ ዳገት ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ ስትጠመዝዝ ይገድለዋል።

አፈታተሹንም በደንብ ጻፈ። ጭስ ማውጫውንና የካርቡራቶሩን ቦታ በጎማ መድፈን፣ በካንዴላው ቀዳዳ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ማስገባት፣ 6 ደቂቃ መጠበቅ። ጤነኛ ሞተር ይይዛል። ከ6 በላይ እንዳልጨምር አስጠነቀቀኝ፣ ደህናውን ኦይል ሲል ሊያስወጣ ይችላል። እኔ ፓምፕ አልነበረኝም፣ እህቴ ነርስ ናት፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ተዋስኩ፣ እሱ እስከ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው የሚሄደው ያ ደግሞ 5.8 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ በቂ ነው። ያንኑ ጋራዡ የቀየረውን ፒስተን ለፈተናው ብቻ መልሼ ገጠምኩት (16 ላይ ውጤቱን ጽፌያለሁ)። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዜሮ ገባ። የማግኔቱን ክዳን ከፍቼ የሳሙና ውሃ ስረጭ ከጀርባው አረፋ ፈላ። የአሥር ዶላር ኦይል ሲል። ሁለት ፒስተን፣ አንድ ሲሊንደር፣ 640 ዶላር፣ እና ለጥቂት የተረፈ አንገቴ።

ከዛ ክሩ ተጋጋለ። 17 ጋራዡ ገንዘቤን ይመልስ፣ ስሙን አውጣው፣ ክሰሰው አለ። 18 ደግሞ ጋራዥ ያለው ሰው ነው መሰለኝ ተቆጣ፣ ደንበኛ የላይኛውን ብቻ ሥሩልኝ ካለ የታችኛውን የመፈተሽ ግዴታ የለበትም፣ በርካሽ አሠርቶ ኋላ ማማረር የተለመደ ነው ባይ ነው። 19 መለሰለት፣ 20 ተሳደበ፣ አወያዩ 20ን አጠፋው። የኔን አስተያየት ልናገር፣ 18 ያለው ውስጥ እውነት አለ፣ እኔ ፒስተኑን ቀይሩልኝ ነው ያልኩት። ግን የነከሰ ሞተር ይዞ የመጣን ሰው ለምን እንደነከሰ ሳይጠይቁ አዲስ ፒስተን ማስገባት ሥራ አይደለም። ሐኪም ትኩሳቱን አውርዶ ወባውን ሳያይ ቢሸኝህ ሐኪም ትለዋለህ? ስሙን አላወጣም፣ ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ አልተስማማንም፣ አበቃ።

ታዲያ ኦይል ሲሉን ብቻ ለምን አልቀይርም? ይሄን 21 ጠየቀ፣ እኔም አስቤው ነበር፣ ማግኔቱን አውልቆ ከውጪ መቀየር ይቻላል። 15 እና 8 በአንድ ድምፅ ተቃወሙ። ሁለቴ የነከሰ ሞተር የአልሙኒየም ብናኝ ወደ ታች አውርዷል፣ ብናኙ የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) የታች ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ውስጥ ነው ያለው፣ ሳይከፈት አይጸዳም፣ እሱ ሲሰበር ደግሞ የሚሄደው ካርተሩ (ክራንኩን የያዘው የሞተሩ ቤት) ራሱ ነው። ራሴ ልክፈተው ስል 8 መሣሪያውን ዘረዘረችልኝ፣ የማግኔት ማውለቂያ፣ የካርተር መክፈቻ፣ ክራንኩን በቪ ቅርጽ መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ሽክርክሩ ቀጥ ማለቱን የሚያይ ዳያል ጌጅ፣ የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ፣ ማይክሮሜትር። መለኪያ መግዛት ይቻላል፣ ግን የሚሊ መቶኛ በእጅ የሚለመድ ነገር ነው፣ እሷ ጋ ከመለካታቸው በፊት ዕቃውን 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያሳድሩታል። እዛ ጋ ወሰንኩ፣ ለባለሙያ እሰጣለሁ። ቁጥር 7 በመጨረሻ ተመልሶ ትክክል ወስነሃል አለኝ፣ ጋሼንም ይቅርታ ጠየቀ፣ ይሄ መመዝገብ አለበት።

22 እስከ 26 ከርዕሱ ወጣን። ጋሼ እኛ አሜሪካ ያለን ልጆች ስፓርክ ፕለግ፣ ቤሪንግ፣ ጋስኬት ስንል ግር አላቸው፣ ከዛ ሰው ሁሉ የጋራዡን ጣልያንኛ መዘርዘር ጀመረ። ካንዴላ ጣልያንኛ ነው፣ ሻማም ማለት ነው፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ሁሉም ከዛው ነው። ፒስተኑ ላይ የሚጠመጠመው ፋሻና እህቴ ሆስፒታል ቁስል የምትጠቀልልበት ፋሻ አንድ ቃል መሆኑን እዚህ ነው ያወቅኩት። 25 በመሃል ካዋሳኪ የሚሸጥ አለኝ ብሎ ገባ፣ ማንም አልመለሰለትም።

ለባለሙያው ከመስጠቴ በፊት የጠየቅኩትን 27 ላይ አስቀምጫለሁ፣ 8 እና 15 ናቸው ያዘጋጁልኝ። የወጣውን ዕቃ ሁሉ እንዲመልስልኝ። ፒስተኑ መጀመሪያ ተገዝቶ ተለክቶ ሲሊንደሩ በሱ ልክ ተለብጦ ሆን እንዲደረግ እንጂ ተቃራኒው እንዳይሆን። ክራንክ፣ ሁለቱም ዋና ኩሽኔታ፣ ሁለቱም ሲል አዲስ። ፓወር ቫልቩ (የጭስ መውጫ ቀዳዳውን የሚያሰፋና የሚያጠበው) ተፈቶ ከጥላሸት እንዲጸዳ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ያለው ርቀት በሶልደር ሽቦ ተጨፍልቆ እንዲለካ። ሲያልቅ የግፊት ፈተናው ተደርጎ ውጤቱ እንዲጻፍልኝ። አንዱ ባለሙያ ይሄን ስነግረው ስልኩ ላይ ድምፁ ተቀየረ፣ ደንበኛ እንዲህ አይጠይቅም አለኝ፣ ተውኩት። ሁለተኛው ሳልጨርስ ይሄን ሁሉማ ያለዚያም እሠራዋለሁ አለኝ፣ ለሱ ሰጠሁ።

ሦስት ሳምንት ተኩል ፈጀ፣ ሲሊንደሩ ለመለበጥ ዊስኮንሲን ደርሶ እስኪመለስ ነው የቆየው። ጠቅላላ 1,780 ዶላር። ከሞተሩ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት መጣ፣ የክራንክ ሽክርክር 0.01 ሚሊ፣ የፒስተንና የሲሊንደር ክፍተት 0.05፣ 6 ፒኤስአይ 6 ደቂቃ አልወረደም። አሮጌው የቢየላ ኩሽኔታ በከረጢት ተመልሶልኛል፣ ሮለሮቹ ላይ ብናኙ በዓይን ይታያል፣ ፎቶውን 28 ላይ ለጥፌያለሁ። 29 ያን ሁሉ ገንዘብ ለ125 ማውጣት እብደት ነው፣ ጨምረህ ፎር ስትሮክ ትገዛ ነበር አለ። ሊሆን ይችላል። ግን እኔ ይሄን ሞተር ነው የምፈልገው፣ ቀላል ነው፣ ድምፁን እወደዋለሁ፣ እና አሁን ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ሦስት ጊዜ አሙቄ አቀዘቀዝኩት፣ መጀመሪያ እንዲሁ ቆሞ፣ ከዛ ሜዳ ላይ ጋዙን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ። ባለፈው ቅዳሜ ራምፓርት ሬንጅ እዛው ዳገት ወሰድኩት። ጫፍ ላይ ደርሼ ጋዙን ለቀቅኩት፣ ወዲያው ወረደ። ካንዴላውን አወጣሁት፣ ቡናማ ነው፣ ለ15 ፎቶውን ልኬለታለሁ።

30 ላይ ጋሼ የመጨረሻውን ጻፉ፣ አንድ አሮጌ ዲቲ 125 አሁንም ግቢያቸው ቆሟል፣ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍተው ጨርሰዋል ፒስተኑ ግን እዛ አልተገኘላቸውም። የ56.50 ሚሊ ፒስተን ከነፋሻው አዝዤላቸው መጥቷል። የአጎቴ ልጅ ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሻንጣው ውስጥ ነው። አዲስ የሽቦ ቀለበቶቹንም ጨምሬበታለሁ።